መጋረጃው ወደ አብነት፣ ካልሲው ወደ ወልቂጤ

እኛ ቤት ቁጭ የሚል ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ልጄን ሰናይትን ቁጭ ብላ ያየኋት መቼ እንደሆነ ብትጠይቁኝ አራስ ቤት ነው የምላችሁ፤ እሱንም በስምንተኛው ቀን መወልወያ ይዛ ወለል ላይ አገኘኋት። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። ሁለቱን ትልልቆቹን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች፣ ምሳ ዕቃ ትቋጥራለች። በአንድ እጇ የትንሿን ንፍጥ ትጠርጋለች፣ በሌላው ስልክ ታወራለች፣ በሩን ደግሞ በእግሯ ትዘጋለች። ከዚያ መርካቶ ገብታ እስኪመሽ መጋረጃ ስትሸጥ ትውላለች። ስትመለስ እንደገና አንድ ብላ ትጀምራለች። እግዜር ለእናት ሁለት እጅ ብቻ የሰጣት ሰው ሳያማክር ነው። እኔን ቢጠይቀኝ ከጀርባዋም አንድ ጨምርላት እለው ነበር።

ባሏስ ካላችሁ ጥሩ ሰው ነው። ጋራዥ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ መኪና ስር ተጋድሞ የዋለ ሰው ማታ ሲገባም ጋደም ማለት ያምረዋል፤ ልማድ ነው፣ እኔ ምንም አላልኩም።

እኔ ደግሞ ከሥራ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሽሮ ጥጄ ደጅ ወጣ አልኩና የጎረቤት ወሬ ያዘኝ። ወሬው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ ተትቶ የሚኬድ አልነበረም። ስመለስ ሽሮውና ድስቱ አንድ ሆነዋል፤ የቱ ድስት የቱ ሽሮ እንደሆነ የሚለይ ሊቅ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ሰናይት ምንም አታስነካኝም። ልጅሽ እንደ ጉንዳን ስትሯሯጥ አንቺ እንደ ጤፍ ኬሻ ጥግ ይዘሽ መቀመጥ ግን ያሳፍራል። ጠዋት ጠዋት እጨቀጭቃታለሁ፤ አንድ ነገር እንኳን አሠሪኝ፣ እመኚኝ እላታለሁ። እሺ እማዬ ትልና ትንሿን ቃልኪዳንን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋብኝ ውልቅ ትላለች። ቃልኪዳን ሁለት ዓመቷ ነው። ከሷ ጋር መዋል ሥራ አይደለም ያለ ሰው ካለ አንድ ቀን ላበድረው እችላለሁ።

ያን ሐሙስ ግን ሰናይት ተቸገረች። ወልቂጤ አንዲት ደንበኛ አለቻት፣ እትዬ ሽታዬ ይሏታል። እትዬ ሽታዬ መጋረጃ ስትገዛ ለራሷ ብቻ አትገዛም፤ እሷ የሰቀለችውን አይቶ የማይሰቅል ጎረቤት የላትም። እሁድ ልጇን ልትድር ነው። አስራ አራት መጋረጃ አዛለች፣ መሐሉ ወርቃማ፣ ጠርዙ የወይን ጠጅ። ሐሙስ ማታ ቤቴ ካልደረሰ ከሌላ እገዛለሁ፣ ካንቺም ጋር እዚህ ላይ አበቃን ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ልጄ ሁለት ሳምንት በዚህ መጋረጃ እንቅልፍ አጥታ ከርማለች። በሰባት ሰዓት ግድም ሞልቶ በሚወጣው አውቶቡስ መጫን አለበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሰው እጅ የማትሰጠው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ሱቋ ዕቃ ይራገፋል፣ አብራት የምትሸጠው ልጅ ታማለች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ያለሁት እኔ ነኝ።

ወለሉ ላይ ሁለት ጥቅል አስቀመጠች። አንዱ የእትዬ ሽታዬ መጋረጃ ነው። ሌላው የሳምንቱ ቆሻሻ ልብሳችን፣ የልጆቹ ቅያሪ ዩኒፎርም ሳይቀር። ሁለቱም የተጠቀለሉት ከአንድ ጣቃ በተቀደደ ነጭ አንሶላ ነው፤ መንታ ነው የሚመስሉት። ፊደል አልቆጠርኩም፣ እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ስም አልጻፈችበትም፤ የሚሄደው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችበት።

"ቀዩ ለሸምሱ፣ ባዶው ለእቴነሽ። በይ ድገሚልኝ እማዬ" አለችኝ።

ደገምኩላት። እንደገና አስደገመችኝ። በር ላይ ደርሳ ተመልሳ ሦስተኛ አስደገመችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ቄስ ተማሪ አስነበበችኝ። እኔም ትንሽ ቅር ብሎኝ፣ ልጄ ሆይ፣ አንቺን ያህል ሰው ወልጄ አንድ ጥቅል ማስረከብ ያቅተኛል ወይ አልኳት። እሷ ግን ሄዳለች።

ሸምሱ ተሸካሚያችን ነው። አንገቱ እንደ ግንድ የሆነ፣ ትልቅ ሰው፣ የአምስት ልጆች አባት። የሰናይትን ዕቃ አውቶቡስ ተራ ወስዶ የሚያስጭንላት እሱ ነው። እቴነሽ ደግሞ ልብስ የምታጥብልን ሴትዮ ናት። ቤቷ አብነት ነው። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ሐሙስ ሐሙስ እሷ ሰፈር ይመጣል፤ እና ልብሱን ተሸክማ ወስዳ እዚያው ታጥበዋለች። ይኸው ነው ነገሩ። አንድ ጥቅል ለአንዱ፣ አንድ ጥቅል ለአንዷ። ዶሮም ብትሆን ትሠራዋለች።

ታዲያ እናቷ እንደወጣች ቃልኪዳን ለቅሶዋን ለቀቀችው። ይህች ልጅ ስታለቅስ ሰባተኛ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ቤቱ የተቃጠለ ይመስለዋል። ጡጦ ሰጠኋት፣ ወረወረችው። እሽሩሩ አልኳት፣ ባሰባት። ዓይኔ ቀዩ ጨርቅ ላይ አረፈ። ፈታሁት፣ ግንባሯ ላይ እንደ ሙሽራ አሰርኩላት፣ አንዱ ጥቅል ላይ ዙፋን ነው ብዬ አስቀመጥኳት፣ እያጨበጨብኩ የሰርግ ዘፈን ጀመርኩ። ዝም አለች። ሳቀች። እኔም ተነስቼ እስክስታ አከልኩበት። ጉልበቴ ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ ግን ሙሽራዋ ደስ ብሏት እንዴት ይተዋል። ከልጅ ጋር አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት ይላሉ። እኔን እንጨት ብቻ ቢሆን በማረኝ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ሸምሱ ነው። ሌላ ጭነት ይጠብቀኛል፣ ቶሎ ይስጡኝ እማማ ይላል። ቀዩን ጨርቅ ከሙሽራዋ ግንባር ፈትቼ፣ ሙሽራዋን ከዙፋኗ አንስቼ፣ ዙፋኑ ላይ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የኔስ አልተፈታም። በደንብ ነው የታሰረው፤ ያለቦታው ነው እንጂ።

ሸምሱ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለውና፣ መጋረጃው ዛሬ ቀለል ብሏል አለ። ጎበዝ ሆነህ ነው አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እቴነሽ መጣች። የቀረውን ስታነሳው ወገቧን ይዛ፣ የዛሬው ልብስ ምን አባቱ ከበደ አለች። ልጆቹ እያደጉ እኮ ነው አልኳት። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ሰው ለጥፋቱ እንዲህ ፈጣን መልስ ሲያገኝ አንድ ነገር እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እንዲያ ኮርቼ አላውቅም። ማታ ሰናይት ስትመጣ ምን ብዬ እንደምኩራራ ቃል ስመርጥ፣ ቃልኪዳን የሆነ ነገር ስታኝክ አየኋት። ከአፏ ጎትቼ ሳወጣው ካልሲ ነው። የአባቷ ካልሲ፣ ያውም የሳምንት። ከየት አመጣሽው አልኳት። በጣቷ ወደ በሩ አሳየችኝ። በሩ ላይ ሌላ ካልሲ ወድቋል። አነሳሁት። ወጣ ብዬ ሳይ የግቢው በር ላይ ሦስተኛው አለ።

ካልሲ በራሱ እግር አይሄድም። ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ። ሦስቱም የወደቁት ሸምሱ በሄደበት መንገድ ነው። ሸምሱ የተሸከመው መጋረጃ ነው። መጋረጃ ደግሞ ካልሲ አያደርግም።

እናንተዬ፣ ያኔ የደነገጥኩት ድንጋጤ ከዚህ በፊት ደንግጬ የማላውቀው ዓይነት ነው። ቆሻሻ ልብሳችን ወልቂጤ ሊሄድ ነው። እትዬ ሽታዬ ለልጇ ሰርግ ዘመድ ሰብስባ ጥቅሉን ስትፈታው የልጄ ባል የውስጥ ሱሪ ብቅ ሊል ነው። መጋረጃው ደግሞ እቴነሽ ጋ ሄዷል፤ እቴነሽ እጅ የገባ ነገር ሳይዘፈዘፍ አያድርም። የልጄ የሁለት ሳምንት እንቅልፍ፣ የልጄ ደንበኛ፣ ልጄ እኔ ላይ የጣለችው የመጀመሪያ እምነት፣ ሁሉም በአንድ ቀይ ጨርቅ ሄደ።

ስልክ አለሽ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለኝ። አንዷን ቁልፍ ስጫን ሰናይት ጋ ይደውላል። ሌላ ማንም ጋ መደወል አላውቅበትም። እንግዲህ አስቡት፣ በዓለም ላይ ልነግረው የማልፈልገው አንድ ሰው ቢኖር፣ ስልኬ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።

ቃልኪዳንን አዘልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አደረግኩ። ካልሲዎቹን ጡቴ ስር ወሸቅኩና ወደ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። ሮጥኩ አልላችሁም፤ በኔ ዕድሜ መሮጥ የሚባለው ሌላው ሰው መራመድ የሚለው ነው። ግን መንገድ የሚዘጋብኝን ሁሉ ገፍቼ፣ የጋሪ ዕቃ ዘልዬ፣ ሸቀጥ መሬት ዘርግታ የተቀመጠችዋን ሴትዮ ይቅርታ ብዬ፣ ሸቀጧን ረግጬ ደረስኩ። ቃልኪዳን ከጀርባዬ በእግሯ እየጎሰመችኝ ትስቃለች። ፈረስ ሆኜላታለሁ።

ደግነቱ ሸምሱ በር ላይ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። ስነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ "ወላሂ ቀሎኝ ነበር እኮ እማማ" አለኝ። አውቄዋለሁ አልኩት፣ አሁን የጎበዝነትህን ነገር ተወውና አውቶቡሱን አሳየኝ።

አውቶቡሱ ቅጥቅጡ ነው። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ፖርቶ መጋላው ላይ ያለውን ጭነት ሸራ ሊያለብስ ነው። ከስር ቆሜ ያ ነጩ ጥቅል የኔ ነው፣ በስህተት ነው አውርድልኝ አልኩት። ረዳቱ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን በቅርቡ አንዷ የኔ ነው ብላ የሰው ጫማ ይዛበት ሄዳለች።

"የርስዎ ከሆነ ውስጡ ያለውን ይቁጠሩልኝ። ከገጠመ ይወስዳሉ" አለ።

ሸምሱ እኔ ነኝ ያመጣሁት ቢለው፣ ያመጣህ አንተ ነህ፣ ውስጡን ግን አታውቀውም አለው። እውነቱን ነው። የቆሸሸ ልብስ ነው አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። የማንም ልብስ ይቆሽሻል፣ ዝርዝሩን አለኝ። በጆሮው ልነግረው ፈለግኩ፤ ግን ጆሮው ጣሪያ ላይ ነው፣ አፌ መሬት ላይ። ያለኝ መንገድ አንድ ነው። ጮክ አልኩ።

"የልጄ ባል የውስጥ ሱሪ!"

አውቶቡስ ተራ ጸጥ ያለበት ቀን አለ ቢሏችሁ ያ ቀን ነው። ደላላው ጥሪውን አቆመ። ሶፍት የሚሸጡት ተሰበሰቡ። ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ስንት ነው?" አለ ረዳቱ።

አራት አልኩ። ጥቅሉን ፈታ አድርጎ እያነሳ ቆጠረ። አራት። ምልክት አለው ወይ አለኝ። አንዱ ከኋላው ተቀዷል አልኩ። ረዳቱ ወደ ፀሐይ አድርጎ ዘረጋው። ፀሐይዋ በቀዳዳው ገብታ እኔን ዓይኔን አገኘችኝ። ልክ ነው፣ ቀጥሉ እማማ አለ አንድ ሰውዬ ከመስኮት፣ እንደ ዳኛ። ቀጠልኩ። ሁለት ዩኒፎርም፣ አንዱ ኪሱ ላይ ቀለም የፈሰሰበት። አንድ ፎጣ። አንድ የአልጋ ልብስ፣ ማን እንደሸናበት አልናገርም፣ አሁን ጀርባዬ ላይ ናት። ሰዉ ሁሉ ቃልኪዳንን አየ። እሷ አጨበጨበች።

ከዚያ የራሴ ተራ ደረሰ። የውስጥ ቀሚሴን መደበቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን ረዳቱ አንስቶ ይዞታል፣ ይሄስ ይላል። የኔ ነው፣ ሦስት ቦታ ጥፌዋለሁ አልኩ። እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ሦስቱን መጣፊያ ፈለገ። አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ሆና፣ እማማ፣ እንዲህ የጣፈች እጅ ይባረክ አለችኝ። አመሰገንኳት። ምን አደርጋለሁ። ሰው በውስጥ ቀሚሱ ሲመረቅ ምን ብሎ እንደሚመልስ ማንም አላስተማረኝም።

ካልሲ ላይ ነገር ተበላሸ። ስድስት አልኩ፣ ሦስት ብቻ ተገኘ። ረዳቱ ሸምሱን አየህ ሊለው ሲል፣ እጄን ጡቴ ስር ከትቼ ሦስቱን አወጣሁ። አንዱ አሁንም እርጥብ ነው፣ ቃልኪዳን ያኘከችው። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ፍርድ ተሰጠኝ፤ ጥቅሉ ወረደልኝ።

ቀጥዬ ሹፌሩን ለመንኩት። እውነተኛውን ጥቅል ከአብነት እስካመጣ ቆየኝ አልኩት። "ስሞላ ነው የምሄደው። አራት ሰው ነው የቀረኝ። አራት ሰው ማለት ደግሞ አንድ ሻይ ጠጥቼ እስክጨርስ ነው እማማ" አለኝ። ልክ ነው፣ እሱ ምን ያድርግ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ለንስሐ አባቴም ገና አልነገርኩም። ሹፌሩ ወደ ሻዩ ሲሄድ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። ሰው መቀመጫ ሲይዝ ነጠላ ወይ ኮት ጣል አድርጎ ይወርድ የለ? እኔም አራቱ ባዶ ወንበሮች ላይ አንድ አንድ ልብስ ጣል ጣል አደረግኩ። የልጄ ባል ኮት፣ የሰናይት ሹራብ፣ ሁለቱ ዩኒፎርሞች። ቤተሰቡን በሙሉ ወልቂጤ አሳፈርኩት። ያቺ ቀሚሴን የመረቀችው ሴትዮ አየችኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እሷም ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከሸምሱ ጋር አብነት ደረስን። እቴነሽ ቤት ስንገባ ደግሞ ሁለተኛው ድንጋጤ ጠበቀኝ። ገመዱ ላይ ሦስት ወርቃማ መጋረጃ ይንጠባጠባል። የቀረው አስራ አንዱ በሳፋ ሙሉ አረፋ ውስጥ ነው። እቴነሽ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ታሻለች፣ ፊቷ በርቷል።

"እትዬ፣ ከናንተ ቤት ልብስ ሳጥብ ውሃው ሳይጠቁር የቀረው ዛሬ ነው" አለችኝ።

እጅጌ የሌለው ልብስ ሲበዛባት ምን እንደሆነ አልጠረጠረችም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሰናይት የቤቱን መጋረጃ የቀየረች መስሏት ነው። እንዲህ የተዋበ ነገር ሰቅላችሁ አንድም ቀን ግቢ ሳትሉኝ ብላ እንዲያውም ተቀይማናለች። አዲስ ነው፣ የሰው ነው፣ በሰባት ሰዓት ወልቂጤ ይሄዳል ስላት፣ እጇ አረፋው ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ቢያንስ በረኪና አላደረግሽበትም አይደል አልኳት። ልጨምርበት ነበር፣ ጠርሙሱን ላመጣ ስነሳ ነው የገባችሁት አለችኝ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። አንድ ደቂቃ ዘግይተን ቢሆን ወርቃማው ነጭ፣ የወይን ጠጁ ደግሞ ምን እንደሚሆን እመብርሃን ነች የምታውቀው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ትንፋሽ ያንሰኛል። እቴነሽ ታለቀልቃለች፣ እኔና ሸምሱ ግራና ቀኝ ይዘን እንጠመዝዛለን። ሸምሱ ሲጠመዝዝ እኔም አብሬ እዞራለሁ። ሁለት ጊዜ ከመጋረጃው ጋር ተጠምዝዣለሁ። ቃልኪዳን ሳሙናውን ይዛ አረፋው ውስጥ ገብታለች፤ ደግሞ የሷን ልብስ ማን ያወልቅላት፣ እንደተነከረች ጀርባዬ ላይ ጫንኳት። ቆሻሻ ልብሳችንን ለእቴነሽ ትተን ወጣን። ታክሲው ውስጥ ልንገባ ስንል ወያላው ጥቅሉን ዳሰሰና፣ ይሄ ልብስ ነው ወንዝ አለን። በእግር ሄድን። ሸምሱ ከፊት፣ ውሃው ከአንገቱ እስከ ተረከዙ ይወርዳል፤ እኔ ከኋላ፣ የልጅቷ ውሃ ከጀርባዬ ይወርዳል። በዚያ በጠራራ ፀሐይ እኛ ላይ ብቻ ዘንቦ የሄደ ነው የሚመስለው።

አውቶቡሱ አለ። ሹፌሩ ከሻዩ ተመልሶ ተናዷል። ሰው ይገባል፣ ወንበሩ ተይዟል ብሎ ይወጣል፤ የያዙት ሰዎች ግን የሉም። ያች ሴትዮ ደግሞ እዚህ ነበሩ፣ አሁን ይመጣሉ፣ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ናቸው እያለች ታረጋጋዋለች። እኔ ሹልክ ብዬ ገባሁና የልጄን ቤተሰብ ከየወንበሩ አንስቼ ብብቴ ስር አስገባሁ። ሹፌሩ አየኝ። ኮቱን አየ። ሱሪውን ያስታወሰ መሰለኝ። ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። አራቱ ሰዎች ወዲያው ሞሉ።

አሁን ደግሞ ረዳቱ እርጥብ ነገር አልጭንም አለ። ከስሩ የሰው ጤፍ አለ፣ የሰው በርበሬ አለ። እኔም ሳስበው፣ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወልቂጤ ቢደርስ ይሸታል፣ ይጨማደዳል፣ እትዬ ሽታዬ ፊት ላይ ትወረውረዋለች። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ለሰናይት መደወል ብቻ ነው። ስልኬን አወጣሁ። አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግኩ።

ያኔ ያችው ሴትዮ ከመስኮቷ፣ እኔን ሳይሆን ፀሐይዋን እየረገመች ትናገራለች። የአውቶቡሱ መጋረጃ ተበጣጥሶ አልቋል፣ ሽቦው ብቻ ነው የቀረው፣ እስከ ወልቂጤ እንዴት ተጠብሰን እንደርሳለን ትላለች።

ሽቦ። ተነሳሁ።

"ልጄ፣ አስራ አራት መጋረጃ ልስቀልልህ?" አልኩት ሹፌሩን።

ሹፌሩ እኔን አየ፣ እርጥቡን ጥቅል አየ፣ ፀሐይዋን አየ። ሰዉ ግን የሱን መልስ አልጠበቀም። ሸምሱ አንዱን ዘርግቶ በመስኮት አቀበለ። ከዚያ ሁሉም እጁን ላከ። ዳኛው ሰውዬ ሽቦ ያጠብቃል፣ ተማሪዎቹ ጨርቅ ያሾልካሉ፣ ያች ሴትዮ ጠርዙ ሁሉ ወደ ውጭ ይሁን ብላ ታዛለች። ረዳቱን ለብቻው ጠርቼ አስማልኩት፤ ሲደርስ የደረቀውን አጣጥፎ፣ ንፁህ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ፣ እትዬ ሽታዬ እጅ ላይ እንዲያስረክብ። አውቶቡሱ ሲወጣ ግራና ቀኙ ወርቃማ ሆኖ በነፋስ ይውለበለባል። በር ላይ የቆሙት ሰርገኛ መስሏቸው እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ። ደግሞ ለምን አልልም፣ በዚያ ሰዓት ከሙሽራዋ በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ።

ከወንበር ያነሳሁትን ልብስ ለእቴነሽ አድርሼ፣ ለሷም ለሸምሱም ትንፍሽ እንዳይሉ ነገርኳቸው። ቃልኪዳን ገና አፍ አልፈታችም፣ እሷ ታማኝ ናት። ልብሱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጣጥፎ ከሰዓት በኋላ ገባ። ሰናይት አመሻሽ ላይ መጣች። በር ላይ ሆና፣ እማዬ፣ ሄደ አለችኝ። ሄደ። ታጠበ? ታጠበ። አንድም ውሸት የለበትም። የትኛው እንደሄደና የትኛው እንደታጠበ አልጠየቀችኝም። እጄን አገላብጣ ሳመችኝና፣ አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ምን እሆን ነበር አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትሑት መስዬ ታይቻት ይሆናል።

ሽንኩርት እየከተፈች፣ የትልቁን ደብተር በዓይኗ እያየች፣ ስልኳ ጮኸ። እጇ ሽንኩርት ስለነካ በክርኗ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እትዬ ሽታዬ ናት።

መጋረጃው ደርሷል። እትዬ ሽታዬ ምርቃቱን አወረደችው፣ አላቆም አለች። አዲስ መጋረጃ ሁልጊዜ እንደ ካርቶን ይንኳኳል፣ የመጋዘን ሽታውም ሳምንት አይለቅም፤ ይሄ ግን ለስላሳ፣ የሳሙና ሽታ ያለው፣ ገና ሳይሰቀል ቤት የሞላ ነው አለች። ለደንበኛ እንዲህ የሚያስብ ነጋዴ አይታ አታውቅም። የእህቷም ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ታገባለች፣ አስራ ስድስት ትፈልጋለች። ካሁን ወዲያ ሳታጥቢ እንዳትልኪብኝ ብላ ዘጋች።

የሽንኩርቱ ቢላ ቆመ። ሰናይት ዞር አለች። ገላግሉኝ የምለው ሰው የለም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀዩን ጨርቅ፣ ሙሽራዋን፣ ጣሪያ ላይ የተዘረጋውን የባሏን ሱሪ ሳይቀር። ባሏ ከተጋደመበት ተነስቶ ተቀመጠ። እሷ ግን ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች። ልጄ ስትጮህ እችላታለሁ፣ ዝም ስትል ነው የምፈራት።

"ያጠብነው እኮ በስህተት ነው" አልኳት በመጨረሻ።

ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ገለበጠችና እጇን በመሀረቧ ጠረገች።

"እንግዲያው ለሰኞም ተሳሳቺልኝ" አለችኝ። "አስራ ስድስት ነው።"

ሳልታዘዝ ስሳሳት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ታዝዤ እንዴት እንደምሳሳት ግን አላውቅበትም።